ራምቦ ያልኖረበት የራምቦ ቤት

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የምትገኘው የሐረር ከተማ ሁለት መልክ አላት። ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ ሰፋፊ ጎዳናዎችና አደባባዮች አሉት፤ በግንቡ የታቀፈው አሮጌው ከተማ ግን፣ ጀጎል የሚባለው፣ 48 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመበት፣ መንገደኞች ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፉባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች የሞሉበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ በአጭሩ ዩኔስኮ፣ ይህን አሮጌ ከተማ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተን ወደ ውስጥ ስንገባ መኪና ግርግር የሚባለውን ጠባብ መንገድ እናገኛለን። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተደርድረው የሚሠሩበት መንገድ ስለሆነ፣ ስሙ የስፌት መኪናዎችን ድምፅ ይገልጻል። «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱን የገዛ ጆሮው ይነግረዋል። ከዚሁ መንገድ ገባ ብሎ ግን ስሙና ታሪኩ ያልተስማሙለት አንድ ቤት አለ። ቤቱ ፎቅ ነው፤ ፊቱ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት የተገጠመላቸው፣ የጣሪያው ውስጥ በሥዕል የተዋበ ነው። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በዙሪያው ያሉትን የሐረሪ ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያዎች ቁልቁል ያያል። ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። ሕዝቡ «ራምቦ ቤት» ይለዋል።

አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው። ዝናን ያተረፉለትን ግጥሞች ሁሉ ጽፎ የጨረሰው ገና በወጣትነቱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በየአገሩ ዞረ። በ1873 ዓ.ም. በኤደን የሚገኝ የአንድ ፈረንሳዊ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ጊዜ በሐረር ተቀምጧል። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነግዷል፤ በ1875 ዓ.ም. በሐረር ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል፤ ከሐረር ገዥ ከራስ መኮንንም ጋር በንግድ ሥራ ተገናኝቷል። በመጨረሻ እግሩ ላይ ጽኑ ሕመም ስለያዘው፣ በ1883 ዓ.ም. 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወደብ አደረሱት። በማርሴይ ከተማ እግሩ ተቆረጠ፤ ሕመሙ ግን አልተመለሰምና በኅዳር 1884 ዓ.ም. እዚያው ሞተ።

ቤቱ የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ያሠራውም አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። እንግዲህ ሰውየው በሕይወት ሳለ ቤቱ አልነበረም፤ ቤቱ በቆመ ጊዜ ሰውየው አልነበረም።

መምህር በነበርኩበት ዘመን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ታሪካዊ ስፍራ ድርሰት እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንዱ ተማሪ ስለዚሁ ቤት ጽፎ «ባለቅኔው በዚህ መስኮት ወደ ከተማው እየተመለከተ ይተክዝ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። ዓረፍተ ነገሩ አማረኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩበት። የቤቱን ዘመን ከሰውየው የሞት ዘመን ጋር ያስተያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሰዋስው ሳርም እውነቱን ሳላርም ቀረሁ። ልጁ የፈጠረው ነገር አልነበረም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ማረም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስሙ ለምን ጸና? በሐረር የኖረ ዝነኛ የውጭ አገር ሰው ስለነበረ፣ እርሱን ፈልጎ የሚመጣ ጎብኚ ቤቱን ማየት ይፈልጋል። ከጭቃና ከድንጋይ በተሠሩት ጥንታዊ ቤቶች መካከል ደግሞ መልኩ የተለየ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ቆሟል። ፈላጊና ተፈላጊ እንዲህ ይገናኛሉ። አስጎብኚው እንጀራው ነውና ጎብኚው የሚጠብቀውን ይነግረዋል፤ ጎብኚውም ያገኘውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስና ይጽፋል፤ የተጻፈው ተመልሶ መጥቶ ለሌላው አስጎብኚ ማስረጃ ይሆነዋል። በዚህ መካከል «እዋሻለሁ» ብሎ የተነሣ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል።

ነገሩ የሐረር ብቻ አይደለም። በሴኔጋል የጎሬ ደሴት «የባሪያዎች ቤት» የሚባለውን ቤት የዓለም ሰው እንባ እያፈሰሰ ይጎበኘዋል። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ ቤት በር ወጥተው የተጫኑት ሰዎች ለጎብኚዎች ሲነገር ከቆየው ቁጥር እጅግ ያነሱ ናቸው ብለው የታሪክ ምሁራን ተከራክረዋል። ሌሎች ደግሞ ቤቱ ለባሪያ ንግድ ሰለባዎች ሁሉ መታሰቢያ ሆኖ መቆሙ ይበቃል ብለው መልሰዋል። መታሰቢያነቱ ላይ እኔም ቅር አይለኝም። ሆኖም የንግዱ ግፍ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ የተፈጸመ እውነት ነውና የአንድን ቤት ቁጥር ማጋነን አያስፈልገውም። ቁጥሩ የተጋነነ እንደሆነ ግፉን መካድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ያንኑ ቁጥር ነው።

ወደ ሐረሩ ቤት እንመለስ። የራምቦ ስም የሸፈነው ምንድን ነው? ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ወደ ሐረር መጥተው ሰፍረዋል። የእነርሱን ስልትና የአገሩን አሠራር ያዋሐዱ፣ ሰገነትና የተፈለፈለ እንጨት ያላቸው ቤቶች በጀጎል ውስጥ አቁመዋል። ተፈሪ መኰንን የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል የሚባለው፣ ዛሬ የሸሪፍ የግል ቤተ መዘክር ያለበት ቤትም ከነዚሁ አንዱ ነው። ሐረር በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ከምን ያህል ሕዝብ ጋር ትገናኝ እንደነበር እነዚህ ቤቶች በእንጨትና በመስተዋት ይመሰክራሉ። ቤቱን ለራምቦ የሰጠን እንደሆነ ይህ ምስክርነት ይጠፋል፤ ራምቦም ያልነበረውን ቤት በማግኘቱ የሚጨምረው ነገር የለም። እርሱ በሐረር መኖሩ፣ መነገዱ፣ በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣቱ በራሱ በቂ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ጉዳይ እንግባ፤ ይህ የሰዋስውና የድርሰት መጽሐፍ ነውና። በታሪካዊ ስፍራ የሚቆም የመግለጫ ሰሌዳ ከአራትና ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ ግሥ ከባድ ሸክም አለበት።

በመጀመሪያ «ይባላል» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ይባላል» በራሱ ነውር የለበትም። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የመጣን ነገር «ይባላል» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ አንባቢው የነገሩን ምንጭ ያውቃልና። ነውሩ የሚመጣው ሐሰት መሆኑን እያወቅን «ይባላል» ስንል ነው፤ ወይም ደግሞ በቃል ብቻ የተነገረውን «ነው» ብለን ስንጽፍ ነው።

የጀጎልን ግንብ ለምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የሐረር ትውፊት ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት የገዙት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይናገራል፤ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህንኑ ይቀበላሉ። ዩኔስኮ ከተማዋን ሲመዘግብ ባወጣው መግለጫ ግን ግንቡ በ13ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደተሠራ ጽፏል። ያው መግለጫ በከተማዋ 82 መስጊዶች እንዳሉና ከእነርሱም ሦስቱ የ10ኛው መቶ ዓመት እንደሆኑ ይገልጻል። አርኪዎሎጂስቱ ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በከተማዋ ውስጥ ባካሄደው ቁፋሮ ግን፣ በተቆፈሩት ቦታዎች ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቀደመ የሰፈራ ምልክት አላገኘም። በአንጻሩ በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው ሐርላ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ተገኝቷል።

ይህን የሚሰማ የሐረር ልጅ ቅር ሊለው ይችላል፤ ዕድሜ የተቀነሰበት ይመስለዋልና። ነገር ግን የመስጊዱ ክብር በዘመኑ ቁጥር አይለካም። ደግሞም ቁፋሮ በተቆፈረበት ጉድጓድ ልክ ብቻ ይናገራል፤ ነገ ሌላ ጉድጓድ ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ ትክክለኛው ጽሑፍ «ትውፊቱ እንዲህ ይላል፤ ቁፋሮው እስካሁን ይህን አሳይቷል» የሚል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም ይችላሉ። ጅብ የማብላቱም ነገር እንዲሁ ነው። በዓሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ልማድ የቆየ ነው፤ ማታ ማታ በግንቡ አጠገብ ለጎብኚዎች የሚታየው በእጅና በአፍ ሥጋ የማጉረስ ትርዒት ግን በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የመጣ ነው። ሁለቱን አዋሕዶ «የ500 ዓመት ትርዒት» ማለት የቆየውንም ልማድ አጠራጣሪ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የአዕማድ ጉዳይ ነው። ሠራ፣ አሠራ፣ ተሠራ የሚሉትን አድራጊ፣ አስደራጊና ተደራጊ ግሦች በሌላ ምዕራፍ ታጠኗቸዋላችሁ። «አሚር ኑር ግንቡን ሠሩ» ስንል አሚሩን ግንበኛ አደረግናቸው። «አሠሩ» ስንል ግን ያዘዘ መኖሩን፣ ድንጋይ የተሸከመና ጭቃ ያቦካ ሌላ ሰውም መኖሩን አመለከትን። በአማርኛ አንዲት «አ» የስንቱን ሰው ጉልበት እንደምትይዝ አስተውሉ። «ተሠራ» ካልን ደግሞ አሠሪውም ሠሪውም ከዓረፍተ ነገሩ ወጡ።

ተደራጊ ግሥ ጥሩ መደበቂያ ነው። በፈረስ መጋላ የሚገኘው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ የቆመ ነው። «መስጊዱ ፈረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተሠራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰት አልተናገረም። ይሁን እንጂ መስጊዱ በዝናብ የፈረሰ ያስመስለዋል። ፈረሰ፣ አፈረሰ፣ አስፈረሰ የተለያዩ ናቸው። እውነቱን የሚፈልግ ጸሐፊ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይመልሳል፤ ይኸውም «ከ1879 ዓ.ም. ዘመቻ በኋላ ድል አድራጊዎቹ በመስጊዱ ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስድብ የለም፤ ዛሬ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱትን ምእመናንም አይከስም። ባለቤቱ ተገለጸ እንጂ ሌላ ነገር አልተጨመረም።

የዚያኑ ዘመቻ ስም እንይ። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርጎ ወደ ሐረር ገባ። ይህን አንዱ ጸሐፊ «ሐረርን አቀና» ይላል፤ ሌላው «ሐረርን ወረረ» ይላል፤ ሦስተኛው «ሐረር ተዋሐደች» ይላል። «አቀና» የሚለው ቃል የተጣመመን ማቃናት ማለት ነውና፣ አገሩ ጠማማ እንደነበረ ከወዲሁ ፈርዷል። «ተዋሐደች» የሚለው ሁለቱም ወገን ተስማምተው እንደተገናኙ ያስመስላል፤ በጨለንቆ ግን ብዙ ሰው ሞቷል። «ወረረ» የሚለው ለተሸነፈው ወገን የእውነት ቃል ሲሆን፣ ለሌላው ክስ ሆኖ ይሰማዋል። ለሰሌዳ ብጽፍ «ተዋግቶ ያዘ» የሚለውን እመርጣለሁ። ጦርነት እንደነበረ ይናገራል፤ ማን እንደያዘም ይገልጻል። የቀረውን ፍርድ ለአንባቢው ይተዋል።

ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ የዩጎስላቪያው ቀራፂ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው በፈረስ ላይ የተቀመጠ የራስ መኮንን ሐውልት ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ሰዎች ሐውልቱን ጣሉት። ራስ መኮንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ የሐረር ገዥ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦራቸውን መርተው የኢጣሊያንን ወራሪ ተዋግተዋል። ለብዙ ሐረሪዎችና ኦሮሞዎች ደግሞ ስማቸው ራስን ማስተዳደር የቀረበትን ዘመን ያስታውሳል። አንደኛው እውነት ሁለተኛውን አይፍቀውም። ሐውልቱ በቆመ ጊዜ ሁለተኛውን የሚናገር ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ይወድቅ ነበር ወይስ አይወድቅም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ይህን አልወስንም። ነገር ግን አንድ ልጅ በአደባባይ ሲያልፍ የአያቱን ኀዘን ከሰሌዳው ላይ ካጣው፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውንም ማመን ያቆማል።

ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ሊሆን ይገባል። አሚር ኑር ለሐረር ሕዝብ መጠጊያ የሆነውን ግንብ ያሠሩ ቅዱስ ሰው ናቸው፤ መቃብራቸው ዛሬም ይጎበኛል። እኚሁ አሚር በ1551 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ድል አድርገው የተገደሉትን ንጉሥ ራስ ወደ ሐረር አስወስደዋል። ይህን የሚያውቅ የሰሜን ልጅ በአሚሩ መቃብር አጠገብ ሲቆም ስለ ንጉሡም አንድ ቃል ይፈልጋል። እንዲሁም የሐረር ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይዘውት ይወርዱ የነበረው ቡናና ቆዳ ብቻ አልነበረም፤ በባርነት የተያዙ ሰዎችንም ይነዱ ነበር። ስለ ከተማዋ የንግድ ክብር የሚናገር ሰሌዳ ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም።

ስለ በሮቹ ስም ጥቂት ልጨምር። የግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በሐረሪ ቋንቋ ግን አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ አርጎ በሪና አሱም በሪ ናቸው። አንዱን ስም ብቻ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ሁሉንም ስም በአንድ ሰሌዳ ላይ ያየ ተማሪ በዚያ በር እነማን እንደገቡና እንደወጡ ይጠይቃል።

ለመጀመሪያው ቤት የሚሆን ጽሑፍ እነሆ፤

«ይህን ቤት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ አሠራው። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የመጡት ሕንዳውያን የቤት አሠራር ስልት በሰገነቱና በመስኮቶቹ ላይ ይታያል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከ1873 እስከ 1883 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ በሐረር ተቀምጦ ነግዷል። ይህ ቤት ከመሠራቱ በፊት በ1884 ዓ.ም. ሞቷል። የከተማው ሕዝብ ቤቱን ራምቦ ቤት ይለዋል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አልሰረዝኩትም። ሕዝቡ ቤቱን በዚህ ስም መጥራቱ ራሱ የታሪክ ክፍል ነው። «ይባላል» የሚለውን ግን በ«ይለዋል» ለውጬዋለሁ፤ ባለቤቱ «የከተማው ሕዝብ» መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ጽሑፉ በሙሉ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ በበሩ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል።